ስታየኝ አየሁህ

እንደምን አመሻችሁ። ስልካችሁን አጥፉ አልልም። እንዲያውም ዛሬ ክፍት ቢሆን ይሻላል።

ከራሴ ጉድ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ጋር ተቀያየምን። ጭራሽ ተዘጋጋን፤ ስልክ የለ፣ ሰላምታ የለ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ጋደም ብዬ የሰው ስታተስ ማየት ጀመርኩ፤ ያቺን ሰው ለጥፏት በ24 ሰዓት የምትጠፋ ፎቶ ወይም ቪዲዮ። ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል። የእኔ ሥራ አውራ ጣቴን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ድንገት የዚያ ሰው ፊት ስክሪኑን ሞላው። ክው አልኩ። ስልኩን ወደ ግርጌ ወረወርኩት፤ ስወረውረው ማየቴም አብሮ የሚሰረዝ ይመስል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ጠዋት ስነሳ መልእክት ይጠብቀኛል። ሁለት ቃል ናት፦ «እንቅልፍ የለህም?»

ልብ በሉ። እኔ አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ላይክ አላደረግኩም፣ ልብም እሳትም አልላክኩም። ያየሁት ምናልባት አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ግን ማየቴ ራሱ ደብዳቤ ሆኖ ሄዷል፤ ያውም ከነሰዓቱ።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ዘንድሮ ነገር በዓይን መውጣትም ጀምሯል።

የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። የሚጠፉ ፖስቶች ነገር ሲነሳ ሁሉም «መቼ ነው የሚጠፋው?» ይላል። እኔ ጥያቄው እሱ አይመስለኝም። «እስኪጠፋ ማን ያያል? ማየቱንስ ማን ያውቃል?» ነው ጥያቄው። ሃያ አራቱን ሰዓት አፑ ይቆጥርልናል። ተመልካቹን ግን መምረጥ ያለብን እኛ ነን። አብዛኞቻችን ደግሞ አንድም ቀን መርጠን አናውቅም።

ትንሽ ታሪክ ላምጣና ቶሎ ልለፈው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ። ስናፕቻት በ2011 ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ፎቶ ትልካለህ፣ ተቀባዩ ለጥቂት ሰከንድ ያየዋል፣ ከዚያ የለም። በ2013 ስቶሪን ጨመረ። አሁን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለጓደኛ ሁሉ፣ ለሰከንድ ሳይሆን ለ24 ሰዓት ሆነ። ኢንስታግራም በኦገስት 2016 ያንኑ ይዞ መጣ። ዋትስአፕ በፌብሩዋሪ 2017፣ ፌስቡክ ደግሞ በማግስቱ ወር ተከተሉ። ትዊተርም «ፍሊትስ» ብሎ በኖቬምበር 2020 ለሁሉም ከፈተና በኦገስት 2021 ዘጋው፤ ዓመት እንኳን አልደፈነም። ቴሌግራም ዘግይቶ በ2023 ገባ።

እነዚህ ሁሉ ሲመጡ ሁለት ነገር ይዘው ነው የመጡት። አንዱ ሰዓት ነው፣ ሌላው ማን እንዳየ የምትናገር ያቺ ትንሽ የዓይን ምልክት ናት። ስለ ሰዓቱ ብዙ ተወራ። ዓይኗ ግን ዝም ብላ ገባች።

በተለመደው ፖስት ላይክ ያደረገ ሰው ይታወቃል። አይቶ ዝም ያለ ሰው ግን ዝም እንዳለ ይቀራል። ስቶሪ ላይ ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ ስምህ ይመዘገባል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ የሚባለው የቆየ ጨዋነት እዚህ ቤት አይሠራም።

እስቲ ዋትስአፕን ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ ስለሆናችሁ። ስታተሳችሁን የሚያየው እናንተ ቁጥሩን የመዘገባችሁት፣ እሱም የእናንተን የመዘገበ ሰው ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ይህ ሲሰሙት የሚያስተማምን ነገር ነው። የማውቀው ሰው ብቻ ነው የሚያየው ማለት ነው፣ አይደል?

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ ያለውን ኮንታክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ላፕቶፕ ጥገና»። «ሶፋ የገዛን ሰውዬ»። «የድሮ አለቃ»፣ ከሥሩ ደግሞ «የድሮ አለቃ አዲሱ»። ስሙን አይቼ ማን እንደሆነ ፈጽሞ ያልመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። ከሁሉም የገረመኝ ግን ከላይ አካባቢ የተቀመጠው ነው። «አታንሳው» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ሰውዬው ነዝናዛ ስለሆነ፣ ሲደውል አውቄ እንዳላነሳ። እንግዲህ አስቡት። ስልኩን የማላነሳለት ሰው ልጄ ሶፋ ላይ ተኝታ ያነሳኋትን ፎቶ ያያል። ገብቼ ዝርዝሩን አየሁ። እውነትም አለ። ካዩት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ነዝናዛ ሰው ንቁ ነው።

ዋትስአፕ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ለሁሉም ኮንታክቶቼ፣ ከእነ እገሌ በስተቀር ለሁሉም፣ ወይም ለእነ እገሌ ብቻ። ሁለተኛውን ሰው ይወደዋል። እኔ ሦስተኛውን ነው የምመክረው። ምክንያቱም «በስተቀር» የሚለው ዝርዝር ጠላትን ማስታወስ ይጠይቃል። ነገ አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡ ያ ሰው ወዲያው ተመልካች ሆኖ ይገባል፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም። «ለእነዚህ ብቻ» የሚለው ግን የረሳችሁትን ሰው ሁሉ ውጭ ያስቀረዋል።

ሌላም አለ። ቅንብሩን መቀየር ወደፊት ለምትለጥፉት ነው እንጂ አስቀድሞ የወጣውን አይነካውም። «ውይ አለቃዬ!» ብላችሁ እየተሯሯጣችሁ ብትደብቁት የጠዋቱ ስታተስ እዚያው ነው። ማጥፋት ያለባችሁ ስታተሱን ነው። ያየ ደግሞ አይቷል።

አሁን ወደ ተመልካቹ እንዙር። ዋትስአፕ ላይ መልእክት መነበቡን የምታሳየውን ሰማያዊ ምልክት ስታጠፉ ስታተስ ማየታችሁም ይደበቃል። ግን በነጻ አይደለም። እናንተም ማን እንዳያችሁ ማወቅ ትተዋላችሁ። ዓይንህን ከሸፈንክ መስታወትህም ይሸፈናል ነው ነገሩ። እኔ ይህን ፍትሐዊ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዝርዝራችሁ ላይ የሌለ ሰው ሁሉ አላያችሁም ማለት አይደለም። ምልክቱን ያጠፉት ሰዎች በየቀኑ እያዩዋችሁ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ቢያንስ እነዚህ አይተዋል ይላል እንጂ እነዚህ ብቻ አይልም።

ኢንስታግራም እንዲህ ያለ ማጥፊያ የለውም። ካየህ ታየህ። ባለቤቱ ስሞቹን ስቶሪው ከወጣ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊያይ ይችላል፤ ማለትም ስቶሪው ከጠፋ በኋላም አንድ ቀን ይጨመርለታል። የተመልካቹ ስም ከፎቶው ዕድሜ ይረዝማል ማለት ነው! እኔ ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅኩ። አካውንታችሁ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደግሞ የማይከተላችሁም ሰው ገብቶ ያያል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፤ ግን የአበባ ፎቶ የለጠፈ፣ አንድም ፖስት የሌለው አካውንት ማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ፌስቡክ ላይ ለሁሉም ክፍት ያደረጋችሁትን ስቶሪ ጓደኛ ያልሆነ ሰው ሲያየው ስሙን እንኳን አታገኙም፤ «ሌሎች» በሚል ቁጥር ውስጥ ይገባል።

ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ኢንስታግራም «ክሎዝ ፍሬንድስ» የሚል ጠባብ ክበብ አለው። አረንጓዴ ቀለበት ያያችሁ ውስጥ ናችሁ። ያላያችሁ ውጭ ናችሁ፤ ግን ማንም አይነግራችሁም። ከክበቡ ስትወጡም እንደዚያው ነው፤ መልእክት አይመጣም፣ ደወል አይጮኽም። ይህ ዝምታ መልካም ነው እላለሁ። ሰውን ሳያስቀይሙ በር ማጥበብ መቻል አለበት። ብሎክ ማድረግ እኮ በር መወርወር ነው፤ ሰውዬው ሲፈልጋችሁ ያጣችኋል፣ ያኔ ጠቡ ይጀመራል። ስቶሪን ከአንድ ሰው ብቻ መደበቅ ግን መጋረጃ እንደመሳብ ነው። ከውጭ ያለው ሰው ቤቱ ጨለማ ነው ብሎ ያልፋል።

ዝርዝሩን ስለማንበብ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ ብዙ ሰው ሲታመም አይቻለሁ። «እሱ ሁልጊዜ አንደኛ ላይ ነው የሚወጣው፤ ይወደኛል ማለት ነው?» እህቴ፣ አይደለም። የኢንስታግራም ዝርዝር አደራደር ስሌቱ ይፋ አይደለም። ስሙ ከላይ መሆኑ ሰውዬው ሌት ተቀን ያስብሻል ማለት አይደለም። አሥር ጊዜ ያየም፣ አንድ ጊዜ ያየም አንድ ጊዜ ነው የሚጻፈው። እዚህ ላይ ስናፕቻት ትንሽ ይለያል። በ2022 በጀመረው የክፍያ አገልግሎቱ ስንት ጓደኛ ስቶሪህን ደጋግሞ እንዳየው ቁጥር ይሰጥሃል። ስም ግን አይሰጥም። ይህቺ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። «አንድ ሰው ደግሞ አይቶኛል» ትልሃለች፤ ማን እንደሆነ ስታሰላስል ታድራለህ።

ደግሞም «አየ» የሚለው ቃል ራሱ ውሸት አለበት። እኔ ያን ሌሊት አየሁ? ስክሪኑ አሳየኝ እንጂ። አንዱ ስቶሪ ሲያልቅ ሌላው ስለሚከተል ስልኩን አስቀምጦ ሻወር የገባ ሰው አርባ ሰው «አይቶ» ይወጣል። ዝርዝሩ የሚመዘግበው ስልኩ ምን እንደከፈተ ነው። ዓይን የት እንደነበረ አይመዘግብም፤ ልብ የት እንደነበረማ ጨርሶ።

እሺ፣ ተደብቄ ልይ የሚለውስ? እጃችሁን አታውጡ፣ አውቃችኋለሁ። የታወቀችው ዘዴ ኤርፕሌን ሞድ ናት። አፑ ከፊት ያሉትን ስቶሪዎች ቀድሞ አውርዶ ስለሚይዝ ኔት ዘግታችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። ነገር ግን አፑ ያያችሁትን ማስታወሻ ይዞ ቆይቶ ኔት ሲመለስ ሊልከው ይችላል። በድብቅ የገባ ሰው ሲወጣ ፊርማውን ጥሎ እንደመሄድ ነው። ሁለተኛ፣ «ሳትታይ እይ» የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። እነሱ የሚያሳዩት ለሁሉም ክፍት የሆነ አካውንት ብቻ ነው። የተዘጋውን እናሳያለን ብለው የእናንተን ፓስዎርድ ከጠየቁ አካውንታችሁን ሊሰርቁ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቴሌግራም ደግሞ መደበቂያውን ራሱ ይሸጣል። ፕሪሚየም የሚከፍል ሰው ባለፉት 5 ደቂቃዎች ያየውን ያስጠፋል፣ ቀጣዮቹን 25 ደቂቃዎችም ሳይመዘገብ ያያል። በዚያው ክፍያ የስቶሪው ባለቤት ደግሞ ጊዜው ካለፈም በኋላ ማን እንዳየው መመልከት ይችላል። ለሌባውም ለዘበኛውም ቁልፍ መሸጥ ማለት ይህ ነው። አልፈርድባቸውም፣ ገበያ ነው። ግን አለመታየት በክፍያ የሚገኝ ነገር ሲሆን ትንሽ ያሳስበኛል።

«ይጠፋል» ወደሚለው ልመለስ፤ ጨርሼ ልተወው አልችልም። በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስናፕቻትን «ይጠፋል እያልክ ሰውን አሳስተሃል» ብሎ ከሰሰው። ተቀባዩ በሌላ አፕ ፎቶውን ማስቀረት ይችል ነበር። ቪዲዮውንም ስልኩን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማግኘት ይቻል ነበር። ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው ለ20 ዓመት በገለልተኛ ወገን እየታየ እንዲቆይ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስናፕ እናስቀምጥላችኋለን የሚል የውጭ አገልግሎት ተሰብሮ የሰው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፈሰሰ። ላኪዎቹ ጠፍቷል ብለው ነው የኖሩት።

ስክሪንሾትም አለ። ስናፕቻት ስክሪንሾት ሲነሳ ለባለቤቱ ይናገራል። ኢንስታግራም በ2018 ለስቶሪ ሞክሮት በዚያው ዓመት ተወው፤ ዛሬ ስቶሪያችሁን ማንም ስክሪንሾት ቢያነሳው አይነግራችሁም። ቢነግራችሁስ? ሌላ ስልክ አምጥቶ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳን ሰው የሚይዝ አፕ የለም። ከእናንተ ዘንድም ቢሆን በደንብ አይጠፋም። ኢንስታግራም ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ያለፉ ስቶሪዎቻችሁን በራሱ አርካይቭ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካልፈለጋችሁ ገብታችሁ ማጥፋት የእናንተ ፋንታ ነው። ከሕዝብ ፊት ተነሣ እንጂ ከቤት አልወጣም።

ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ተመልካች አለ፤ ኩባንያው። እናንተ የምታዩት ስም ነው። የንግድ አካውንት ያላቸው ሰዎች ኢንስታግራም ላይ ከዚያ በላይ ያያሉ፤ ስንት ሰው ነክቶ እንዳለፈ፣ ስንት ሰው ወደ ኋላ እንደተመለሰ፣ ስንቱ መሃል ላይ ጥሎ እንደወጣ። ይህ ቁጥር የሚመጣው እያንዳንዱ የጣት ንክኪ ስለሚመዘገብ ነው። የዋትስአፕ ስታተስ በዚህ ይሻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚመሰጠር ምስሉን ኩባንያው አያየውም። «አታንሳው» ግን ያየዋል።

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው ግን ስለ መጀመሪያዋ ሰዓት ነው። ሰው ስቶሪ ነገ ይጠፋል ብሎ ይዝናናል። ሊጎዳህ የሚፈልግ ሰው እስከ ነገ አይጠብቅም። አሁን የት እንዳለህ፣ ቤትህ ባዶ መሆኑን፣ ከማን ጋር እንደተቀመጥክ የምትናገረው ስትለጥፍ ነው። አንዲት ወዳጄ ከሚያሳድዳት የድሮ ፍቅረኛዋ ሸሽታ ስትኖር አንድ ልማድ አወጣች። የሄደችበትን ቦታ ፎቶ የምትለጥፈው ከቦታው ከወጣች በኋላ ነው። «እኔ እዚያ የለሁም፣ ፎቶዬ ግን ይዝናና» ትላለች። ሰውዬው በሌላ ስም ገብቶ እንደሚያያት ታውቃለች። ዝርዝሩ ላይ በየቀኑ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አዲስ አካውንት ይወጣል። ብሎክ ስታደርገው በሌላ ይመጣል። ስለዚህ ዝርዝሯን ማጽዳቱን ትታ ሰዓቷን ቀየረች። ከሰማሁት ሁሉ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው።

አንድ ሰው ቀርቷል። እስካሁን ስለ ለጣፊው አወራን፣ ስለ ተመልካቹም አወራን። ለጣፊው ዝርዝር አለው፣ ቅንብር አለው፣ ማጥፊያም አለው። ተመልካቹ ቢያንስ እንደሚመዘገብ ያውቃል። ፎቶው ውስጥ ያለው ሦስተኛው ሰውስ? ከኋላ አፉን ከፍቶ የሚስቀው፣ ሶፋ ላይ የተኛችው ልጅ? እሱ ማን እንዳየው የሚነግረው ዝርዝር የለውም። «አታንሳው» የእሱንም ፊት አይቷል፤ እሱ ግን «አታንሳው» የሚባል ሰው መኖሩን አያውቅም። ልጄን ሳልጠይቃት ስንት ሰው እንዳሳየኋት የቆጠርኩ ቀን ዝርዝሬን ወደ አሥራ አንድ ሰው አወረድኩት። ያኔ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለተኛው መሆኑን ማን ያውቃል?

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ንግግሬን ከጀመርኩ ወዲህ ከፊታችሁ ቢያንስ አምስት ስልክ ወደ እኔ ሲነሣ አይቻለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለሽው፣ ቀዩን ሻርፕ የለበስሽው፣ አንቺ ሁለት ጊዜ። ለጥፊው፣ ፈቅጃለሁ። ግን ነገ ጠዋት ከማጥፋትሽ በፊት ዓይኗን ነክተሽ ስንት ሰው እንዳየኝ ላኪልኝ፤ ቁጥሬ መግቢያው ላይ ካለው ወረቀት ላይ አለ። ስትመዘግቢው ደግሞ «አንሺው» ብለሽ መዝግቢው።